ተርሚናሉን ሙሉ ስክሪን በያዘ ስላይድ ላይ ለማውረድ ሁለት ማታ ፈጀብኝ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ስላይዴን ማክ ላይ በሙሉ ስክሪን ነው የምከፍተው። ትእዛዝ ሳሳይ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) በአንድ ቁልፍ ከላይ እንዲወርድልኝ ፈለግሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኩዌክ ጌም ኮንሶሉን እንደሚያወርደው። ለዚህ አይተርም 2 የሚባለውን የማክ ተርሚናል ፕሮግራም መረጥኩ።

ጅምሩ ቀላል ነው። ሴቲንግስ፣ ኪይስ፣ ሆትኪ ገብታችሁ ለብቻው የሚከፈት የሆትኪ መስኮት፣ ማለትም በቁልፍ የሚጠራ መስኮት፣ ትፈጥራላችሁ። ቁልፉን ኮንትሮል ስፔስ አታድርጉት። ማክ ኪቦርዱን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚቀይረው በእሱ ነው። እኔ ኦፕሽን ስፔስ አደረግሁት።

ክፍል ገብቼ ቁልፉን ስጫን ስላይዱ ወደ ጎን ተንሸራቶ ሄደ። ዴስክቶፑ ከነተርሚናሉ ፕሮጀክተሩ ላይ ወጣ።

«መምህር፣ ስላይዱ ጠፋ» አለችኝ ፊት የተቀመጠች ልጅ።

መለስኩት። ደግሞ ሄደ። ከአማኑኤል በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረው የሚመጡ ተማሪዎች አሉኝ። የእነሱን ሰዓት ማባከኔ በጣም ከነከነኝ።

ማታውኑ ተቀመጥኩ። ያነበብኩት መመሪያ «ፍሎቲንግ ዊንዶው» (ከሌሎች በላይ የሚንሳፈፍ መስኮት) ላይ ምልክት አድርግ፣ በቃ ይላል። አደረግሁ፤ አልሆነም። ፕሮፋይሉ (የመስኮቱ የሴቲንግ ስብስብ) ውስጥ ስፔስ የሚለውን፣ ማለትም መስኮቱ የሚወጣበትን የዴስክቶፕ ገጽ፣ «ኦል ስፔስስ» (ሁሉም ገጾች) አደረግሁት፤ ያው ነው። መብራት ሄደና ተኛሁ።

በማግስቱ ማታ ገባኝ። ስነካካ የቆየሁት «ዲፎልት» የሚለውን ፕሮፋይል ነበር። ሆትኪው ግን «ሆትኪ ዊንዶው» የሚባል የራሱ ፕሮፋይል አለው። ስሙ እዚያው ተጽፎ ሳለ አለማንበቤ እስካሁን ያናድደኛል።

እሱንም አስተካክዬ አልወረደም። የጎደለው ጭራሽ ሌላ ቦታ ነበር። አፒራንስ፣ ጀነራል ውስጥ ፕሮግራሙን ከዶክ (ማክ ፕሮግራሞችን ከሚደረድርበት አሞሌ) እና ከኮማንድ ታብ (ከፕሮግራም መቀያየሪያው) የሚያስወጣ ምርጫ አለ። ማክ በሙሉ ስክሪን ለተከፈተ ፕሮግራም የራሱን ስፔስ ይሰጠዋል። ተራ ፕሮግራም ስትጠሩ ወደዚያ ፕሮግራም ስፔስ ይዟችሁ ይሄዳል። ዶክ ላይ የሌለ ፕሮግራም ግን ባላችሁበት ላይ መውረድ ይችላል። መርጬው፣ ፕሮግራሙን ዘግቼ ስከፍት ወረደ!

ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። አይተርም ዶክ ላይ የለም። የተሰረዘ መስሎኝ በቀረችኝ ዳታ እንደገና ላወርደው ነበር። አልተሰረዘም። ሴቲንግሱን ከላይ በስተቀኝ ከምትታየው ትንሽ ምልክት ታገኙታላችሁ። ስላይድ ላይ ከሆናችሁ ማውሱን ወደ ላይኛው ጠርዝ ውሰዱት።

ይህን ምርጫ አትንኩ የሚሉ አሉ። እኔ ንኩት እላለሁ። ሰው ፊት ቆሞ ለሚያስተምር ዶክ ላይ አለመታየቱ ምንም አይጎዳውም። ብቻ ቤታችሁ ሞክሩት፣ ክፍል ውስጥ አይደለም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ቁልፉን ተጫንኩ። ስላይዱ ንቅንቅ አላለም። ያቺ ልጅ ቀና ብላ አየችና ትእዛዙን መገልበጥ ጀመረች።