ዲኤክሷ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተር አስወረደችኝ

የኔ ዲኤክስ (ቶዮታ ኮሮላ) የ1981 ሞዴል ናት፣ ሞተሯ 4ኬ፣ 1290 ሲሲ፣ ያው የምታውቋት ናት። አምና ሞተር አስወርጄ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ብሮንዚ ሁሉን ቀይሬ አዲስ ካምሻፍትም (ባልቦላ፣ ማለትም ቫልቭ፣ የሚያስከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ፣ ባጭሩ ካም) አስገብቼ በቃ ተገላገልኩ ብዬ ነበር፣ ስድስት ወር ሳይሞላት ቲክ ቲክ ማለት ጀመረች። ፑንተሪያ (የባልቦላው ክፍተት) ይስተካከላል፣ በሳምንቱ ድምፁ ይመለሳል። በኋላማ እንጦጦን ያለ አንደኛ ማርሽ አልወጣም አለች።

ተፈታ። ካሙ ላይ ያሉትን ስምንት ጉብታዎች በካሊፐር ለካናቸው፣ ሰባቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፣ አንዱ ግን 1.5 ሚሊሜትር ጎድሎ ጫፉ እንደተላሰ ከረሜላ ድቡልቡል ብሏል። ታፔቱን (ጉብታው ላይ ተቀምጦ ግፊቱን ወደ ባልቦላው የሚያሳልፈውን) ገልብጬ ሳየው መሀሉ ተሰርጉዷል፣ ጥፍሬ ይይዘዋል። የመጀመሪያው ጋራዥ አዲሱን ካም በአሮጌ ታፔት ገጥሞልኝ ኖሯል፣ "ደህና ናቸው፣ ምን አስወጣህ" ብሎ! ታፔት ስሩ ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ ካሙ ሲያነሳው እያሽከረከረም ነው፤ ያለቀ ከሆነ አይዞርም፣ አንድ ቦታ ቆሞ አዲሱን ካም ይፈጨዋል።

እና ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ሰፈር፣ ሁለት ቀን ዞርኩ። መጀመሪያ ያገለገለ ኦሪጅናል ካም አገኘሁ፣ ጉብታዎቹ ያምራሉ፣ ዲስትሪቢውተሩን የሚያዞረው ጥርሱ ግን እንደ ቢላ ሾሏል፣ በዚህ ሞተር የዘይት ፓምፑም የሚዞረው በዛው በኩል ስለሆነ እሱ ከተበላ ዘይት የለም ማለት ነው። ተውኩት። አንድ ጓደኛዬ ደሞ ስፖርት ካም ከውጭ እናስመጣ ብሎ ሊበላኝ ነበር፣ ባልቦላ ረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ። ኧረ ባክህ! እንደዛ አይነቱ ካም ጉልበት የሚሰጠው ሞተሩ ሲጮህ ነው፣ ታች ላይ ይሞታል፣ እኔ ደሞ ሙሉ ቀን መገናኛ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ አዲስ አበባ 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አየሩ ራሱ ከባህር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ያለችውን ትንሽ ጉልበት ለምን ላጥፋ።

በመጨረሻ አዲስ፣ ፋብሪካው በሰራው ልክ የሆነ ካም ከነስምንት ታፔቱ ገዛሁ። እዛም ልሸወድ ነበር። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ ለሃይድሮሊክ ታፔት (ክፍተቱን ራሱ በዘይት ለሚሞላው) የተሰራውን ካም ነው፣ "ኬ ሞተር ሁሉም አንድ ነው ወንድሜ፣ ይገባል" ይላል። መግባቱንማ ይገባል፣ ችግሩ እሱ ነው! የኔ ክፍተት የሚለካለት ደረቅ ታፔት ነው፣ የሃይድሮሊኩ ካም ያንን ክፍተት ቀስ አድርጎ የሚዘጋ መንደርደሪያ ስለሌለው ባልቦላውን ሲቀጠቅጠው ይኖራል።

የተገጠመ ቀን ጉብታዎቹን በሞሊብዲነም ግሪስ ለቅልቀን፣ ስታርተር ብዙ እንዳይዞር ካርቡሬተሩን ቀድመን ቤንዚን ሞልተን አስነሳናት፣ ከዛ ሚኒሞ ላይ ሳትወርድ 20 ደቂቃ ሙሉ 2000 ዙር አካባቢ ከፍ ዝቅ እያደረግን ያዝናት፣ አዲስ ካም መጀመሪያ ላይ በቀስታ ከዞረ ዘይት በደንብ ስለማይረጭበት እዛው ነው የሚበላው። የጎረቤት እትዬ በመስኮት ብቅ ብለው "ልጄ፣ ቤንዚን ተርፎህ ነው?" አሉኝ።

ዛሬ 800 ኪሎሜትር ሞላች። ፑንተሪያውን ትናንት ደግሜ ለካሁት፣ ካስቀመጥኩት አልተነቃነቀም። ቅዳሜ ዘይት እቀይርላታለሁ።