ጣቱ ሌላ፣ አፉ ሌላ

መስከረም 2015 ነው። ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ፣ የአራተኛ ክፍል አማርኛ ተሰጠኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ልጅ አስነሣሁና «አንብብ» አልኩት። አንበለበለው። አንድ ቃል አልሳተም። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ጣቱ ያለው ሌላ አንቀጽ ላይ ነው። ጓደኛው ሲያነብ ሰምቶ በቃሉ ይዞታል።

እነዚህ ልጆች በ2012 አንደኛ ክፍል ነበሩ። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2014 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅ ደረሰ። ፊደል መለየት በሚጀምሩበት ዕድሜ ሁለቴ ተቋረጠባቸው። እንዲያም ሆኖ ክፍል ሲቆጥሩ ቆይተው እኔ ጋ ደረሱ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ነበር። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሁሉንም አስቀምጬ ያንኑ የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ደገምኩላቸው። ማጠናከሪያ ትምህርት ማለት እሱ መስሎኝ ነበር። ሁለት ወር ለፋሁ። ቀድሞውንም የሚያነቡት ይበልጥ ጎበዙ። የቀሩት ሰሌዳውን እየገለበጡ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ግማሾቹም ከብት ጠባቂና ውኃ ቀጂ ስለሆኑ ከሰዓት መቆየት አይችሉም። በኋላ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ወዳለው ግማሽ ሰዓት አዛወርኩት፤ የሚቀሩት በጣም ቀነሱ።

ዋናው ለውጥ የመጣው እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ሳስነብብ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የተዘበራረቁ ፊደላት፣ ቀላል ቃላት፣ አጭር አንቀጽና አንድ ትንሽ ታሪክ ጻፍኩ። ከዛፍ ሥር፣ ሌላ ልጅ በማይሰማበት፣ አንድ በአንድ። ይህን መንገድ ሕንድ ውስጥ ፕራተም የሚባል ድርጅት በሰፊው ይሠራበታል፤ ልጆቹን የሚመድበው በክፍላቸው ሳይሆን ማንበብ በቻሉት ልክ ነው። የክፍሉን ልጆች በሙሉ ለማዳረስ ሁለት ሳምንት የዕረፍት ሰዓቴን ወሰደብኝ። ያጠፋሁት ጊዜ ግን አልነበረም። አንዷ ልጅ ችግሯ ፊደል ሳይሆን ዓይን እንደሆነ ያወቅኩትም ያኔ ነው።

ብዙዎቹ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርዱታል። «ሞ»ን ብቻዋን ሳሳያቸው ግን ከ«መ» ጀምረው መ፣ ሙ፣ ሚ እያሉ እስኪደርሱባት ይቆጥራሉ። ይህን ለጎረቤቴ ለየኔታ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ አቡጊዳ ለምን የተሠራ ይመስልሃል?» አሉኝ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉ ይቀያየራል፤ ዜማው አያስኬድም፤ ልጁ የግድ በዓይኑ ማየት አለበት። የቄስ ትምህርት ያሳለፍኩ ሰው ሆኜ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ፊደልን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች አስተማርኩ። ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ ጎናቸው ላይ ቅጥያ አላቸው። ሊ፣ ሚ፣ ሲ፣ ቢ እግራቸው ላይ። ይህን ያየ ልጅ አንዱን ሲይዝ ሌሎቹን ራሱ ይገምታል። የሚያስቸግረው ሳድስ ነው፤ እንደ ል፣ ብ፣ ስ ያለው ስድስተኛው ፊደል። ቅርጹ ደንብ የለውም፤ ድምፁም አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። «ልብስ» የሚለውን ቃል ሦስት ቦታ ቆርጠው ያነቡታል። ስለዚህ ቃሉን መጀመሪያ በአፍ እንላለን፣ ልብሳችንን እንነካለን፣ ከዚያ እንጽፈዋለን። «ገና»ም እንዲሁ ነው። በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለው፣ የሚታወቀው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ነው። ነጠላ ቃል ብቻ የሚያነብ ልጅ እዚህ ላይ ይቀራል።

አንድ ነገር አሁንም ይቆጨኛል። ጀማሪዎቹን ፊት ለፊት አንድ ረድፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። ልጆቹ «የሰነፍ ረድፍ» አሉት። አንዲት ልጅ ሳምንት ሙሉ ቀረች። ቤቷ ሄድኩ። እናቷ ቡና አቅርበውልኝ፣ «መምህር፣ ይቺ ልጅ እኮ ቁርአን ትቀራለች፤ እንዴት ሰነፍ ትባላለች?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ፊደል ድምፅ እንዳለው፣ በጣት እየተከተሉ እንደሚነበብ፣ ከሉሁ፣ ቁርአን ከሚቀራበት የእንጨት ሰሌዳ፣ ላይ ተምራ መጥታለች። እኔ ነኝ ያልጠየቅኳት። በማግስቱ ረድፉን አፈረስኩ። ቡድኖቹን ዋርካ፣ ወይራ፣ ጽድ ብዬ ሰየምኩ፤ በየወሩም እያስነበብኩ አቀያየርኳቸው። ልጅቷ ጓደኞቿን በስንደዶ እያመለከተች ማስነበብ ጀመረች።

ማንበቢያ ሲያጥረኝ ልጆቹ የነገሩኝን ጻፍኩ። ስለ ጠፋች ፍየል፣ ሐይቁ ላይ ስላዩት ታንኳ። ያረጀ የግድግዳ ካላንደር ጀርባው ነጭ ነው፤ እሱ ላይ በትልልቁ። የራሱን ታሪክ ለማንበብ የማይታገል ልጅ አላየሁም።

ሰኔ ላይ ያ በቃሉ ያነብ የነበረው ልጅ አጭር አንቀጽ ደርሷል፤ በዝግታ፣ ግን በዓይኑ። ሰባት ልጆች አሁንም ቃል ላይ ናቸው። የእያንዳንዳቸውን ስም፣ የቱ ፊደል ላይ እንደሚሰናከሉና ምን ታሪክ እንደሚወዱ በአንድ ወረቀት ጽፌ ለአምስተኛ ክፍል መምህራቸው ሰጠሁት።