ቅቤ ለመግዛት እስከ ሆለታ

የሆለታን ገበያ እወደዋለሁ። ከሸቀጡ በላይ የምወደው ሻጮቹን ነው። እዚያ ቅቤ የምትሸጥልኝ ሴት ራሷ አልባ፣ ራሷ ንጣ ያመጣችውን ነው የምትሸጠው። ላሟ ምን እንደበላች ብጠይቃት ትነግረኛለች። ገርጂ፣ ሰፈሬ ባለው ሱፐርማርኬት ቅቤው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። ከየት እንደመጣ ብትጠይቁ መልስ የሚሰጣችሁ ሰው የለም።

የዘንድሮውን ጉዞ ለጥቅምት መጨረሻ ነው ያቆየሁት። ዝናቡ አቁሟል፣ እሸት ደርሷል፣ ማር እየተቆረጠ ነው፣ የገና ጾምም አልገባም። ለሆለታ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላውቅም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ከአስኮ ሚኒባስ ያዝኩ። አሸዋ ሜዳ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ብዙ ቆምን። ከዚያ በኋላ ቡራዩ፣ ገፈርሳ፣ መናገሻ እንዴት እንዳለፉ አላስተዋልኩም፤ ከረዳቱ ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነበር። ታሪፉ በሩ ላይ ተለጥፏል። እሱ ግን «ዛሬ ገበያ ነው» ብሎ በሰው 20 ብር ጨመረ። ለባዶ ዘንቢሌም ሊያስከፍለኝ ፈለገ። ከጎኔ የተቀመጡ አባት «ባዶ ዘንቢል ደግሞ ምን ይከፈልበታል? ተው እንጂ!» ብለው ተቆጡልኝ። የዘንቢሉ ነገር በዚያው ቀረ፣ 20 ብሩ ግን ተበላ። መንገድ ላይ እንቁላልና ዶሮ ይዘው የተሳፈሩ ሴቶችም ያንኑ ጭማሪ ከፈሉ። እኔ ቅቤ አምሮኝ ነው የምሄደው። እነሱ ግን ገና ሳይሸጡ ነው ከኪሳቸው የወጣባቸው። እስከ ሆለታ ድረስ ንዴቱ አልለቀቀኝም።

ገበያው ውስጥ ስገባ ግን ሁሉም ተረሳኝ። በመጀመሪያ የተቀበለኝ ጌሾው ነው፤ እስር እስሩ ተደርድሮ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ከዚያ ገብስ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመን። አንድ ልጅ የባቄላ እሸት በክንዱ ታቅፎ ይዞራል። አንድ እስር በ30 ብር ገዛሁትና እየፈለፈልኩ ገባሁ። ጥሬ የባቄላ እሸት ከነጤዛው የማይወድ ሰው ካለ አዝንለታለሁ።

ቅቤ ተራ ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠዋል። ቅቤው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከፊታቸው አለ። «አካም ቡልተኒ» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። ኦሮምኛዬ ከሰላምታና ከዋጋ ብዙም አይርቅም። ግን ሰላም ሳይሉ ዋጋ መጠየቅ እዚያ ነውር ነው፤ እኔም እንደዚያ ነው ያደግኩት። አንዲት ትልቅ ሴት «ነይ ልጄ፣ ቅመሺ» አሉኝ። ቁራጭ ቅቤ እጄ ላይ አደረጉልኝ። መጀመሪያ አሽቺው፣ ከዚያ በመዳፍሽ ጀርባ አሺው፣ ቆዳሽ ላይ ከቀለጠ ደህና ነው አሉኝ። ጥፍራቸውን ቅቤው መሃል አስገብተው ውስጡንም አሳዩኝ። ላዩ ለጋ፣ ሆዱ ሌላ የሆነ ቅቤ ሞልቷልና። ሙዝ የሚቀላቅል አለ። የረጋ ዘይት የሚቀላቅልም አለ። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ነበር። ሌላው ባጭበረበረ ቁጥር የእሳቸውም ቅቤ ይጠረጠራል።

«እማማ፣ ላሞቹ የእርስዎ ናቸው?» አልኳቸው። ሁለት ናቸው። አንዷ ክልስ ናት፤ ወተቷ ብዙ ስለሆነ እንዳለ ይሸጣል። ቅቤው የሚወጣው ከሐበሻዋ ላም ነው። የምትሰጠው ወተት ትንሽ ነው፣ ግን ስቡ ወፍራም ነው። ወተቱ ለቀናት ይጠራቀማል፣ ይረጋል፣ ከዚያ ይናጣል። ዕቃው በወይራ ይታጠናል፤ ቅቤው ላይ የቀረችው ያቺ ቀጭን የጭስ ሽታ ከዚያ የመጣች ናት። ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው በለስላሳ እሳት ይሞቅና አይብ ይሆናል። እሳቱ ከበዛ አይቡ ይደርቃል፣ እንደ ጎማ ይሆናል። የእሳቸው አይብ አፍ ውስጥ ይበተናል።

ለጋው በኪሎ 950 ብር ተባልኩ፣ 900 ላይ ተስማማን። በሳልም ጨመርኩ፣ እሱ ረከስ ይላል። ለዶሮ ወጥ በሳሉን ነው የምፈልገው። ሽታው ስለሚከብድ ጥቂቱ ይበቃል። ለምርቃት አንድ ጭብጥ አይብ በኮባ ጠቅልለው ዘንቢሌ ውስጥ ከተቱልኝ። ሳልጠይቅ ነው።

ድንች ተራ ብዙ አልቆየሁም። ግን አንድ ነገር ያስደስተኛል። ሻጮቹ ድንቹን በስሙ ነው የሚጠሩት፦ ጉደኔ፣ ጃለኔ፣ በለጠ። እነዚህ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ዝርያዎች ናቸው። በክረምት ቅጠሉን አቃጥሎ የሚጨርሰውን በሽታ እንዲቋቋሙ ነው የተመረጡት። የማዕከሉ ሥራ ከጥናት ወረቀት ወጥቶ እዚያው መደብ ላይ ተከምሯል። አዲስ አበባ ስንደርስ ሁሉም «ድንች» ብቻ ይሆናል።

ማር ተራ ላይ ደግሞ ተናደድኩ። ከአዲስ አበባ የመጣ የሚመስል አንድ ሰው የረጋውን ነጭ ማር በማንኪያ እየወጋ «ይሄማ ስኳር ነው» ይላል፣ ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሻጩ ልጅ እግር ነው፤ አፍሮ ዝም አለ። ዝም ማለት አልቻልኩም። ንጹህ ማር ይረጋል። የሆለታን የመሰለ ብርዳም ደጋ ላይ ደግሞ ቶሎ ይረጋል። ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ተመልሶ ይፈታል። ይህን ብነግረው ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። የንብ ምርምር ማዕከል ባለበት ከተማ የልጁ ማር በመርጋቱ ብቻ ስኳር ተባለ!

ልጁ ሁለት ዓይነት ማር ነበረው። አንዱ ከባህላዊ ቀፎ ነው፣ ከነሰፈፉ፤ ለጠጅ ይሄዳል። ሌላው ከዘመናዊ ቀፎ የተጣራ ነው፣ እኔ የገዛሁት። የአሁኑ ማር የአደይና የመጭ አበባ ነው አለኝ። የባህር ዛፉ ከበጋ በኋላ ይመጣል። ባህር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ አፈር ያደክማል ተብሎ ስሙ ሲነሳ ይከፋኛል፤ ወቀሳው እውነት ቢኖረውም። ምኒልክ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማቸውን ከሆለታ አለፍ ብሎ ወዳለው አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዋ በቦታዋ የቀረችው ባህር ዛፍ ስለተተከለ ነው። የዚያው ዛፍ አበባ ዛሬ የዚህን ልጅ ንቦች ይቀልባል።

መመለሻው ላይ የሚወራ ነገር የለም። ሌላ ሚኒባስ፣ ትክክለኛ ታሪፍ፣ 8 ሰዓት ሳይሞላ ቤቴ ነበርኩ።

መሄድ ያሰበ ሰው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ቢደርስ ይሻለዋል። ከረፈደ ነጋዴዎች ደህና ደህናውን ቅቤ በጅምላ ወስደውት ይጠብቁታል። ዝርዝር ብር ይያዝ፤ ለማሩም ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ከቤቱ ይዞ ይሂድ። ኅዳር 15 ጾም ሲገባ ፈላጊው ስለሚቀንስ ቅቤ ይረክሳል፤ ለገና የሚያስቀምጥ ያኔ ይግዛ። አይብ ግን አይቆይም። አይብ የሚወድ ከዚያ ቀን በፊት ይሂድ።