አንድ ዙር ብቻ

ዛሬ ስለ ጌም ሱስ ለሚወጣ ጽሑፍ ሥዕል ስሠራ ዋልኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በበሽታዎች ዝርዝሩ ያካተተው ነገር ነውና ኮስተር ብዬ ጀመርኩ። የጆይስቲኩን ገመድ ካቴና አደረግኩት።

አዘጋጁ አየና "ይሄንንማ ለሲጋራም ለመጠጥም ስለነዋል" አለኝ። እውነቱን ነው። ካቴና ሰውን ይከሳል እንጂ አያስቅም።

ቀደድኩት። በሁለተኛው ላይ ልጁ ዓይኑ ቀልቶ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። ስክሪኑ ውስጥ ያለው ጀግና ግን ሰይፉን ጥሎ፣ ትራስ አቅፎ ያዛጋል። በቃ። የግድግዳ ሰዓቱን እንኳ አጠፋሁት፤ ማዛጋቱ ይበቃል።

አዘጋጁ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለና "ልጄን ነው እንዴ የሳልከው?" አለኝ።

ኧረ ራሴን ነው። ትናንት "አንድ ዙር ብቻ" ብዬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የተኛሁት።