ቦሪስን ለማድመጥ የተከተልኩት መንገድ

ቦሪስ የተባለው የጃፓን የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1992 ቶኪዮ ውስጥ ሲመሠረት፣ ስሙን የወሰደው የአሜሪካው የሮክ ባንድ ሜልቪንስ ከአንድ ዓመት በፊት ካወጣው አልበም የመክፈቻ ዘፈን ነው። ዋታ በጊታር፣ ታኬሺ በአንድ በኩል ቤዝ በሌላ በኩል ጊታር በሆነ ባለ ሁለት አንገት መሣሪያ፣ አትሱኦ በከበሮ ሆነው ለረጅም ዘመን አብረው ዘልቀዋል፤ ሦስቱም ይዘፍናሉ። ሥራቸው እጅግ ብዙ ነው፤ ከአንዱ አልበም ወደ ሌላው ሲሻገሩም ሌላ ባንድ እስኪመስሉ ድረስ ይለወጣሉ። ይህን ለውጥ በቅጡ ለመረዳት ስለፈለግኩ፣ አልበሞቹን እንደተገኙ ከመስማት ይልቅ በሥርዓት ለማድመጥ ወሰንኩ።

የጀመርኩት በ1996 ከወጣው «አብሶሉቴጎ» ነው። አልበሙ በሙሉ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚዘልቅ አንድ ሥራ ሲሆን፣ ዋናው ነገሩ ዜማ ሳይሆን የአምፕሊፋየር (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ጉምጉምታ ነው። ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ የጊታሩን ክር ያንቀጠቅጣል፤ ክሩም ማጉያውን መልሶ ይመግበዋል፤ በዚህ ዑደት ድምፁ ሳይሞት ይቀጥላል። በስልክ ስፒከር ይህ ሁሉ ስለሚጠፋ ዝቅተኛውን ድምፅ በደንብ በሚያወጣ ትልቅ ስፒከር አደመጥኩት። ወፍራሙ ድምፅ ካልተሰማ ከዚህ አልበም የሚቀረው ጥቂት ነው።

ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ግን በ2000 ለወጣው «ፍለድ» ነው። አራት ክፍል ያለው፣ ሰባ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ክፍል አንድ አጭር የጊታር ሐረግ ተደራርቦ ይደጋገማል፤ ቀስ በቀስ አንዱ ከሌላው ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ በመካከላቸው ማንም ሆን ብሎ ያልመታው አዲስ ምት ይፈጠራል። ክፍተቱ የሚጀምርበትን ቦታ እየመለስኩ ስሰማ፣ ይህ ባንድ ክብደትን የሚፈጥረው በጩኸት ብቻ ሳይሆን በጊዜ አጠቃቀምም እንደሆነ ገባኝ። እስካሁንም ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ከዚያ በኋላ የዓመታቱን ቅደም ተከተል ተውኩና ሌላ መለኪያ ያዝኩ። ባንዱ «ሄቪ ሮክስ» በሚል አንድ ርዕስ በ2002፣ በ2011 እና በ2022 ሦስት የተለያዩ አልበሞች አውጥቷል። ርዕሱ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል። የመጀመሪያው በ1970ዎቹ ዘመን ሮክ ወፍራም የጊታር ድምፅ የተሞላ ነው። ሁለተኛው ከፈጣን ዘፈኖች ጎን ረዣዥምና ዝግ ያሉ ሥራዎችን ያስገባል፤ በዚያው ዓመት ዋታ ብቻዋን የዘፈነችበት፣ ወደ ፖፕ የቀረበው «አቴንሽን ፕሊዝ» አብሮት ወጥቷል። በሦስተኛው ደግሞ ሳክስፎን ሳይቀር ይሰማል።

አንዳንድ አድማጮች ባንዱ በ2005 በወጣው «ፒንክ» ወደ ለስላሳነት እንዳዘነበለ ይናገራሉ፤ እኔ አልስማማም። የአልበሙን ዝግ ያለ መክፈቻ «ፌርዌል»ን ከ«አብሶሉቴጎ» ጋር አከታትዬ ሳደምጥ፣ ያው የአምፕሊፋየር ጭጋግ እንዳለ ሆኖ ዜማ በውስጡ ሲወጣ ሰምቻለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው የአልበሙ ርዕስ ዘፈን ደግሞ በፍጥነት የሚነጉድ ነው። በ2020 የወጣው ፈጣኑና ቁጡው «ኖ» እና በ2022 የተከተለው፣ በዋታ ድምፅ የተረጋጋው «ደብሊው» በጥንድ የታሰቡ መሆናቸውም፣ ሁለቱ ጠባዮች ለባንዱ አንዱ ሌላውን የሚተካባቸው እንዳልሆኑ ያሳያል።

አዲስ አድማጭ ቢጠይቀኝ «ፒንክ»ን አስቀድሞ፣ ሦስቱን «ሄቪ ሮክስ» በተከታታይ፣ ከዚያም «ፍለድ»ን ሳያቋርጥ እንዲሰማ እመክራለሁ፤ «አብሶሉቴጎ»ን ግን ጥሩ ስፒከርና አንድ ሙሉ ነፃ ሰዓት እስኪያገኝ ድረስ ቢያቆየው ይሻላል።