ቁም ሳጥኑ የያዘው ቦታ

ደሴ ውስጥ በአይሱዙ መኪና ከየቤቱ የሚወጣ አሮጌ ዕቃ በማንሳት ሥራ ላይ ተሰማርቼ እኖራለሁ። ዋጋ የምነጋገረው በጉዞ ስለሆነ የደንበኛውን ወጪ የሚወስነው በአብዛኛው የዕቃው ክብደት ሳይሆን መኪናው ላይ የሚይዘው ቦታ ነው። ብሎኬትና ፍርስራሽ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በተለይ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ መኪና ክብደት የፍሬን ጉዳይ ነው።

አንድ ቀን ከፒያሳ በላይ የሚኖሩ አዛውንት ቤታቸውን ሊያሳድሱ አስጠሩኝ። በግቢው የተከመረውን ስፖንጅ ፍራሽ፣ የብረት አልጋ፣ ቆርቆሮና የቺፑድ ቁም ሳጥን ተመልክቼ «ሐጂ፣ ከሁለት ጉዞ አያንስም» አልኳቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ መጀመሪያ ይለይ፤ ከዚያ ትተምናለህ» ሲሉ መለሱልኝ። ሌላ ቀጠሮ ስለነበረኝ ምክራቸውን ችላ ብዬ ረዳቶቼ መጫን እንዲጀምሩ አዘዝኩ።

አንደኛው ልጅ ፍራሹን ሲስብ ከሥሩ የነበረ አሮጌ የመኪና ባትሪ ተገልብጦ አሲዱ ክንዱ ላይ ፈሰሰ። ሐጂ እጁን ይዘው ወደ ቧንቧው ወሰዱትና፣ ልጁ «አሁን በቃኝ» እያለ ቢለምናቸውም፣ 20 ደቂቃ ያህል ውሃው ያለማቋረጥ እንዲወርድበት አደረጉ። ቆዳው ከመቅላት አላለፈም። በክምሩ ውስጥ ምን እንዳለ ሳላይ ሰው ያሰማራሁት እኔ በመሆኔ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርነው። ቆራሌው ተጠርቶ ቆርቆሮውን፣ አልጋውንና ባትሪውን በገንዘብ ገዛ፤ የባትሪ ክብደት ከግማሽ በላይ እርሳስ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው እሱን ነው። ቁም ሳጥኑን ስንለካው ቁመቱ 1.80፣ ወርዱ 1.20፣ ጥልቀቱ 0.60 ሜትር ነበር። እንደቆመ ቢጫን 1.3 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ቦታ ይይዛል፤ ከዚህ አብዛኛው ባዶ አየር ነው። ሐጂ መፍቻ አምጥተው ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈቱ በጣሳ ሰበሰቡ፤ ሳንቃዎቹ ተደራርበው ሲተኙ 0.2 ሜትር ኩብ እንኳ አልሞሉም። እነሱንም ቢሆን የጎረቤት አናጺ ለመደርደሪያ ብሎ ከነጣሳው ወሰዳቸው። ፍራሾቹን ጠቅልለን በገመድ ጠፍረን አሰርናቸው።

ከረዳቶቼ አንዱ የቀረውን ወንዝ ዳር ብናራግፈው ነዳጅ እንደምንቆጥብ ቢናገር ሐጂ ቆጣ አሉ። «ይህ ውሃ ቦርከና ሆኖ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ እህቴ በእሱ አትክልት ታጠጣለች» አሉት። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ እንዲህ ያለው ቁጠባ ወጪውን ወደ ሌላ ሰው ማሳ ማሻገር ነው።

በመጨረሻ የተረፈው አንድ ጉዞ ብቻ ሆነ፤ ሐጂም ከሒሳቤ ከፊሉን የከፈሉት ከቆራሌው ባገኙት ገንዘብ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ደንበኛ ሲደውልልኝ ዋጋ ከመናገሬ በፊት ባትሪ እንዳለና የሚፈታ ዕቃ እንዳለ እጠይቃለሁ፤ ቆራሌው የሚገዛውን ከሸጡና የሚፈታውን ከፈቱ በኋላ እንዲደውሉልኝም እነግራቸዋለሁ።