ጎቲክ ልብወለድ ወዳጅ ጣና ዳር ስትመጣ

እንግሊዝ ሀገር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ሺፍት ነው ምሰራው፣ ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ የጀመርኩት ንባብ ሱስ ሆኖብኝ ቀረ። ጎቲክ የሚሉት ልብወለድ፣ ያው የድሮ ዘመን፣ ጨለማ ግንብ፣ የተቆለፈ ክፍል፣ ሞታም ቤቱን የማትለቅ ሚስት፣ መሃል ላይ ደሞ ልብ የሚያጠፋ ፍቅር። ባህር ዳር ለእረፍት መጥቼ እህቴ ሽፋኑን አየችና "እኛ ሰይጣን ሽሽት ጸበል እንሄዳለን አንቺ ከፍለሽ ትገዢዋለሽ?" አለችኝ።

እኔ ግን መንፈሱ አይደለም ሚስበኝ። መንፈሱ የሚመጣው ቤቱ የደበቀው በደል ስላለ ነው፣ ለውርስ ተብላ የተቆለፈባት ሴት ወይ ማንም የማያነሳው ሞት፣ ሁለቱ ሰዎች ደሞ ይሄን ሳያውቁ ነው የሚዋደዱት፣ ስለዚህ ፍቅሩ ሁሌ ስጋት አለበት። ስደተኛ ስለሆንኩም ይሆናል፣ የሰው ትልቅ ቤት ገብታ ህጉን ማንም ሳይነግራት የምትኖረዋ ሴት ቶሎ ነው የምትገባኝ።

እዛ መጽሐፎቹ ውስጥ አስፈሪው ቦታ ብዙ ጊዜ ፍርስራሽ ገዳም ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ከ1536 እስከ 1540 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ገዳማቱን ዘጋቸው፣ ጣሪያቸው ሳይቀር ተነቀለ፣ ባዶ ቤት ደሞ መንፈስ ይጠራል። እዚህ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የነዘርዓ ያዕቆብና የነፋሲለደስ አስከሬን አለ፣ እንግሊዝ ቢሆን ሰባት ቅጽ ይወጣው ነበር! ግን መነኮሳቱ ዛሬም እየቀደሱ ስለሆነ ማንም አይፈራም። ሴት ስለማይገባ እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ፣ ወንድሜ ገብቶ አይቶ ወጣና መጀመሪያ የጠየቀኝ ምሳ ምን እንደምንበላ ነው።

ለጎቲክ የሚሆን ታሪክ ግን ሞልቶናል፣ ለምሳሌ እቴጌ ምንትዋብ። ከሷ በፊት የነበረችው የአጼ በካፋ ሚስት ዘውድ በጫነችበት ቀን ግብር ላይ በልታ ሞተች ይባላል። በካፋ በ1730 ሲሞት ምንትዋብ ከትንሽ ልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ነገሠች፣ ከዛ የባሏን የእህት ልጅ ግራዝማች ኢያሱን ወደደች፣ ሶስት ሴት ልጅ ወለደችለት፣ ንጉሡ ልጇ ግን ሰውየውን ሊያየው አይፈልግም ነበር። በ1742 ግራዝማች ኢያሱ ጣና አካባቢ ገደል ገብቶ ሞተ፣ ንጉሡ ነው ያስገፋው ተብሎ ተወራ። ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ብትሄዱ ያቺው ምንትዋብ እመቤታችን እግር ስር ተደፍታ ተስላለች፣ እኔ እዛ ስዕል ፊት ቆሜ ያሰብኩት ስለዛ ገደል ነው (እግዜር ይቅር ይበለኝ)። ደሞ የዚህ ዘውግ የመጀመሪያው የሚባለው ልብወለድ እንግሊዝ ውስጥ የወጣው በ1764 ነው፣ እነሱ በፈጠራ ሲጀምሩት ምንትዋብ ጎንደር ቁስቋም ቤተ መንግሥቷ በህይወት አለች።

እኔ ብጽፈው ምንትዋብ ለግራዝማች ኢያሱ ከወለደቻት ከአስቴር ነበር ምጀምረው። አባቷ ገደል ገብቶ ቀርቷል፣ የሚጠረጠረው የገዛ ወንድሟ ነው፣ አድጋ ደሞ ራስ ሚካኤል ስሁልን አገባች፣ እሱ በ1769 የወንድሟን ልጅ አጼ ኢዮአስን ያስገደለው ሰው። መንፈስ መጨመር ራሱ አያስፈልገውም፣ እሺ አንድ ይግባ ካላችሁ ግን ከገደሉ እየጮኸ እንዳይወጣ፣ ሰርጓ ላይ ከዘመድ መሃል ቁጭ ብሎ ጠጅ ይጠጣ።